«ላሟ ታማለች እንዴ?» የእንስሳት ድምፅ በአማርኛ እንዴት አስተማራችሁ?

ጠያቂ፦ የአንዲት ልጅ አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል፤ ግን የምሬን ነው።

ሴት ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። ለልደቷ ሰው ያመጣላት የእርሻ ቤት መጫወቻ አላት። ቁልፉን ስትጫነው በሩ ይከፈትና አንድ እንስሳ ብቅ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጮኻል። ጠዋት ከእንቅልፏ እንደነቃች መጀመሪያ የምትይዘው እሱን ነው። እኔ ደግሞ ሌሊት ታክሲ ነድቼ የምተኛው ጠዋት ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ «ሙ»፣ «ኦይንክ»፣ «ኳክ» እየሰማሁ ነው። ለምጄዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በቪዲዮ ደወልን። እናቴ ልጅ ማጫወት ትችልበታለች። «የኔ እናት፣ ላም ምን ትላለች?» አለቻት። ልጄ በኩራት «ሙ!» አለች። እናቴ ዝም። ስልኩን ወደ ፊቷ ጠጋ አደረገችና ልጅቷን ደህና አድርጋ አየቻት። ከዚያ እኔን «ምን አለች? ላሟ ታማለች እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ በግ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። የመንዝን በግ ታውቃላችሁ፣ ያቺን ትንሽ፣ ጠጉራም፣ ላቷ አጠር ያለችውን። ባና የሚሠራው ከጠጉሯ ነው። ጉም ሲወርድ በጎቹ አይታዩም። በድምፃቸው ነው የምትሰበስባቸው። የእኛ በግ ይሁን የጎረቤት፣ ሳላይ አውቅ ነበር። እንዲህ ያደግሁ ሰውዬ፣ ልጄ ላም «ሙ» ትላለች እያለች ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ሰኞ ዕለት ወረቀት ይዤ ዝርዝር ልጽፍ ተቀመጥኩ። ላም እምቧ። በግ ባ። ውሻ ሃው ሃው። ድመት ሚያው። አውራ ዶሮ ኩኩሉ። እስከዚህ ደህና ሄድኩ። አህያ ላይ ቆምኩ። አህያ ታናፋለች፤ ቃሉን አውቀዋለሁ። ድምፁስ? ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ በፊደል ግን አልወጣ አለኝ። ፈረስ ያሽካካል። እሺ፣ ምን ብሎ? ፍየልስ? በግና ፍየልን በጆሮዬ ስለይ ያደግሁ ሰው ሁለቱንም «ባ» ብዬ ልጻፍ? አሳማማ ጭራሽ የለኝም። አሳማ በዓይኔ ያየሁት እዚህ አገር ከመጣሁ ነው።

ሚስቴ «ልጅቷን ግራ ታጋባታለህ፣ ተዋት» ትላለች። እሷ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ላም የምታውቀው የወተት ላስቲክ ላይ ነው። (ይህን እንዳትነግሩብኝ።)

እናንተ እንዴት አደረጋችሁ? ሁለቱን ድምፅ ባንድ ላይ መስማት ልጅ ግራ ያጋባል? የአህያን፣ የፍየልንና የአሳማን ድምፅ የምታውቁም እባካችሁ ጻፉልኝ።

መልስ፦ የአጸደ ሕፃናት መምህርት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ወንድሜ። 14 ዓመት ከትንንሽ ልጆች ጋር ነው የዋልኩት፣ እስቲ ልሞክር።

መጀመሪያ ባለቤትህን አረጋጋልኝ። ግራ አትጋባም። ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ለማን በምን እንደሚናገሩ ቶሎ ይለያሉ። ለአያቷ እምቧ፣ ለመጫወቻው ሙ። አንዳንዴ ትቀላቅል ይሆናል። ትቀላቅል።

ደግሞ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። እዚህ አዲስ አበባ የማስተምራቸው ልጆችም «ሙ» ነው የሚሉት። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ያለው ፖስተር ከመርካቶ የተገዛ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ የኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸው። ላም የሚያዩት ስልክ ላይ ነው።

በግ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በግ ያውቃሉ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ተገዝቶ ደረጃ ሥር ታስሮ ሲጮኽ ያድራል። ከበዓል በኋላ ትምህርት ሲከፈት «በግ ምን ይላል?» ስላቸው ክፍሉ ባንድ አፍ «ባኣኣኣ!» ይላል። አንዳንዱ አንገቱን ዘርግቶ፣ ምላሱን አውጥቶ ነው። ከፖስተር የተማረ ልጅ ምላሱን አያወጣም። (አንዷ «በጉስ የት ሄደ?» አለችኝ። ያን ቀን ቶሎ ብዬ ወደ መዝሙር ገባሁ።)

ስለዚህ ዝርዝሩን ተወው። ዝርዝር ለአንተ እንጂ ለእሷ አይደለም። አፏ በሚችለው ጀምር። የሕፃን አፍ ቀድሞ የሚይዘው በከንፈር የሚወጡትን ነው፤ መ እና በን። እምቧ ሁለቱም አሉበት። ባም ቀላል ነው። የዶሮዋ «ቋ ቋ» ግን ይቆይ። እነ ቀ፣ ጠ፣ ጨ ዘግየት ብለው ነው የሚመጡት። ኩኩሉን «ቱቱሉ» ካለች አታርማት። «አዎ፣ ኩኩሉ!» ብለህ መልስላት፣ ይበቃል።

ኩኩሉን ደግሞ ለምን ከመጽሐፍ ታስተምራታለህ? ድብብቆሽ እያለ! አንተ ግድግዳው ላይ ዓይንህን ሸፍነህ «ኩኩሉ!» በል። እናቷ ከእሷ ጋር ተደብቃ «አልነጋም!» ትበል። ሲደላደሉ «ነግቷል!»። መደበቁን ገና አትችልበትም። በዚህ ዕድሜ ዓይናቸውን ከሸፈኑ የተደበቁ ይመስላቸዋል። መሀል ሳሎን ቆማ «አልነጋም» ስትልህ እንዳላየህ ሁን።

ታናፋለች፣ ያሽካካል፣ ያገሳል የሚሉትን ቃላት 5 ዓመት ሲሆናት አምጣቸው። ያኔ ይጣፍጧታል።

መልስ፦ የሌሊት ሹፌር፣ ሲያትል

ወንድሜ፣ እኔም ሌሊት ነው የምነዳው። የመጫወቻውን ባትሪ አውጣና ተኛ።

አሳማውን ለፈረንጅ ተውለት። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላው፤ ማን ቁጭ ብሎ ድምፁን ይሰማል? ከርከሮ ካልክ ገበሬው ያውቀዋል። ከርከሮ ማሳ ሲገባ ግን የሚሰማው የገበሬው ጩኸት ነው።

ጠያቂ

ባትሪውን አውጥቼው ነበር። አለቀሰች። መለስኩት።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

እናትህ «ላሟ ታማለች እንዴ» ማለታቸው የባለሙያ ጥያቄ ነው። እኛም ገበሬ ሲደውልልን «እንዴት ነው የምትጮኸው?» እንላለን።

ላም አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም ያላት። ከጥጃዋ ስትለይ ረዘም አድርጋ ትጣራለች። ጥጃው አጠገቧ ሲሆን አፏን ሳትከፍት ዝቅ አድርጋ እም እም ትላለች። ኮርማ ስትፈልግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትጮኽ ትውላለች። ካላረገዘች በ21 ቀን ገደማ ትመለስበታለች። (የመጨረሻዋን ለልጅህ አትንገራት።) በሬውማ ያገሳል፣ ያ ሌላ ነው። ዶሮም እንዲሁ ናት። እንቁላል ጥላ ስትነሳ ታስካካለች፣ ሰፈር ይስማልኝ ትላለች። ጥሬ አግኝታ ጫጩቶቿን ስትጠራ ግን አጫጭር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነው። ጫጩቶቹ ያውቁታል፣ ተሯሩጠው ይመጣሉ።

አሁን ወደ አህያዋ። ምስጢሩ ትንፋሹ ላይ ነው። አብዛኛው እንስሳ የሚጮኸው አየር ሲያስወጣ ነው። አህያ ግን ስታስገባም ትጮኻለች። አየር ወደ ውስጥ እየሳብክ «ሂ»፣ እያስወጣህ «ሃ» በል። ሂ-ሃ፣ ሂ-ሃ፣ ሂ-ሃ... ወደ መጨረሻው እየደከምክ ሂድ፣ ልክ እንደሚያልቅ ፊኛ። በአህያ ብዛት ዓለምን የምንመራ ሰዎች ይህን ከመጫወቻ መማር የለብንም። መኪናህ ውስጥ ተለማመደው፤ ተሳፋሪ በሌለበት።

መምህርቷ ያነሳችውን ጨዋታም ወድጄዋለሁ። አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ አይደለም። ሰዓቱ ውስጡ ነው ያለው። ጨለማ ክፍል ዘግተህበትም ሊነጋጋ ሲል ይጮኻል። ስለዚህ ለ«ኩኩሉ!» መልሱ «አልነጋም» መሆኑ ልክ ነው። እሱ ሲጮኽ ገና አልነጋማ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ነታንያ፣ እስራኤል

ሰላም ወንድሜ። ስልኬን ይዤ ብቻዬን ስስቅ ልጄ «እማ፣ ምን ሆነሽ?» አለኝ። አማርኛዬ የ9 ዓመት ልጅ አማርኛ ነው፣ ስሳሳት ይቅርታ። የመጣነው በፈረንጆቹ ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ ሰው በላይ ተጭኖ ሲመጣ እኛም መሀሉ ነበርን።

እዚህ ውሻ «ሃው ሃው» ነው የሚለው፣ እንደ እኛው። ልጆቼ ይህንን ከዕብራይስጥ ይያዙት ከአማርኛ፣ እግዜር ይወቀው። አውራ ዶሮ «ኩኩሪኩ» ይላል፣ እሱም ዘመድ ነው። ላም ግን «ሙ»፣ በግ «ሜ»፣ አህያ «ኢ-አ»፣ ዳክዬ «ጋ ጋ ጋ»። አሳማ እኛም ቤት የለም። መጽሐፉ ላይ ሲመጣ ገጹን ቶሎ እገልጣለሁ።

የምነግርህ ግን የአባቴን ነገር ነው። አባቴ ጎንደር ገበሬ ነበር። እዚህ ዕብራይስጡ አልገባለትም። የልጅ ልጆቹ ደግሞ አማርኛ አይሰሙም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲንጫጫ እሱ ጋቢውን ለብሶ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ቡና ሲሰጡት ይመርቃል፤ ከዚያ ዝም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ምሽት ትንሹ ልጄ የሥዕል መጽሐፍ ይዞ ጭኑ ላይ ወጣ። አህያዋን እያሳየ «ኢ-አ» አለው። አባቴ መጽሐፉን አየ፣ ልጁን አየ። «የለም» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አናፋ!

ወንድሜ፣ አባቴ ድምፁን ያን ያህል ሲያነሳ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቴ ሰላጣ የሚከትፍበትን ቢላ እንደያዘ ከኩሽና ሮጦ ወጣ። ፎቅ ላይ ያለችው ሩሲያዊት ጎረቤታችን መስኮቷን ከፈተች። ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ «ዖድ!» አለ። «ድገመው» ማለቱ ነው። አባቴ ያችን ቃል ያውቃታል። ደገመው።

ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር ልጁ መጽሐፉን ይዞ ይጠብቀዋል። በሬ እንዴት እንደሚያገሳ፣ ፈረስ እንዴት እንደሚያሽካካ። ሐኪሙ ያሉትን የላሟን ዝቅ ያለ ድምፅም አሰምቶታል። እኔ ራሴ የረሳሁትን ነው። «ይቺ የራባት ናት፤ ይቺ ጥጃዋ የጠፋባት ናት» ይለዋል። ልጄ አማርኛ የጀመረው በሰላምታ አይደለም። በላም ነው። «እምቧ»ን ካወቀ በኋላ ነው «አባባ፣ ና» ማለት የለመደው። አሁን «አባባ፣ ዛሬ ዝናብ ነው» ይለዋል። በቀን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ያወራሉ፤ ግማሹ ስለ በሬ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ተወውና ጉዳዩን ለእናትህ ስጣቸው። እሳቸው ይጩሁላት።

ጠያቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ኩኩሉ ተሳክቷል። ልክ መምህርት እንዳልሽው «ቱቱሉ» ነው የምትለው። መደበቁን ግን ትታዋለች። ጠዋት አልጋዬ ላይ ትወጣና ጆሮዬ ሥር «ቱቱሉ!» ትለኛለች። እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር «አልነጋም» እላለሁ። ትስቃለች፣ ትደግመዋለች። ለሌሊት ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም። «ነግቷል» የሚለውን ሆን ብዬ አላስተማርኳትም።

አህያውን መኪና ውስጥ ሞከርኩት፣ ቀይ መብራት ላይ። ትንፋሹ የተባለው እውነት ነው፣ ወጣልኝ! ጎኔ የቆመው ሰውዬ መስኮቱን ዘጋ።

የነታንያዋ እህቴ፣ ምክርሽን ሰምቼ ለእናቴ ደወልኩ። መጀመሪያ «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ላም ምን እንደምትል እኔን ትጠይቃለህ?» ብላ አላገጠችብኝ። ቀጥላ ግን ስልኩን ይዛ ጎረቤት ጓሮ ገባች። ላሟ ተኝታ ታመሰኳለች። እናቴ ለመነቻት፣ በእንጨት ነካ አደረገቻት። ምንም። መጨረሻ ላይ ተናዳ ራሷ «እምቧ!» አለች። ላሟ ያን ጊዜ ዞራ አየቻት። ልጄ ከሳቅ ብዛት ከሶፋው ወደቀች።

እናቴ ወደ ቤት ስትመለስ ዶሮዋ ገብታ እህል ትለቅማለች። «እሽ! እሽ! ውጭልኝ!» ስትል ስልኩ ከእጇ ወድቆ ጣሪያውን ስናይ ቆየን። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ልጄ የያዘችው ምኑን ነው? «እሽ»ን። አሁን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያሉትን እርግቦች «እሽ!» ትላለች። መጫወቻውንም «እሽ!» ትለዋለች። ትናንት እኔን ብላኛለች። እምቧ እያለች ነው፣ አልፎ አልፎ፣ ለአያቷ ብቻ። ለመጫወቻው ሙ። መምህርት፣ ሚስቴ ይህን ስታይ «እሺ» ብላለች።

ቅዳሜ ሦስታችን ኸርንደን ሄድን። ፍራይንግ ፓን ፋርም ፓርክ የሚባል የካውንቲው የእርሻ መናፈሻ አለ። ስሙ «መጥበሻ» ማለት ነው፤ ለከብት ቤት እንዲህ ያለ ስም! መግቢያው ግን ነፃ ነው። እዚህ አካባቢ ልጅ ያላችሁ ሂዱ። ላም አለ፣ በግ አለ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ ዶሮ። ልጄ የበጎቹ አጥር ላይ ተንጠልጥላ አልወርድም አለች። አንዷ በግ ስትጮኽ እኔ ሳላስበው መለስኩላት። ልክ በልጅነቴ እንደማደርገው፣ ከጉሮሮዬ። ሦስት በጎች ቀና አሉ። ሚስቴ በ6 ዓመት ትዳራችን እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም። ቪዲዮው ግን ስልኳ ላይ አለ። ለእህቶቿ ሁሉ ልካዋለች።

አሳማው ጋ የደረስነው መጨረሻ ላይ ነው። አንዲት ትልቅ እናት አሳማ ግልገሎቿን ደርድራ ተኝታለች። ኦይንክ የሚባል ነገር አልሰማንም። እንቅልፍ ላይ ናት። ኽርርር... ኽርርር... ልጄ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ዞራ በጣቷ እኔን አሳየችና «አባባ!» አለች።

እንግዲህ የአሳማ ድምፅ በአማርኛ ተገኝቷል። አሁን «አሳማ ምን ይላል?» ስትባል ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋለች። እሁድ ለእናቴ አሳየቻት። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና «አባትህም እንዲሁ ነበር» አለችኝ።

የፍየልን ድምፅ ግን እስካሁን ማንም አልጻፈልኝም።